አባቶቻችን ኮሶ የጠጡት ለምን ነበር?

የጾሙ መፍቻ ሲቃረብ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ከሦስት ዘመዶቼ ደረሰኝ፤ አንደኛው ከሥሩ «አንተ የከብት ሐኪም፣ እስቲ ይኼን አንብበህ ተናገር» የሚል ጨምሮበታል። አነበብኩት። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጥሬ ሥጋ የአባቶቻችን ምግብ ነው፣ ኖሩበት እንጂ አልሞቱበትም፤ ትል ቢኖርበት እንኳ ሚጥሚጣና አረቄ ይገድሉታል፤ የሰባ ሰንጋ ትል አይይዘውም፤ የቄራ ማኅተም ያረፈበት ሥጋ ያለ ሥጋት ይበላል፤ ድንገት ኮሶ ቢይዝም ዛሬ ክኒን አለ፤ የሥጋ መርማሪዎች ጉበትና ሳንባ እየቆረጡ መጣላቸው ሀብት ማባከን ስለሆነ ሌላው ቢቀር ለውሻ ይሰጥ፤ ጠቅላላ ፍርሃቱም ከፈረንጅ የተቀዳ ነው።

ጸሐፊው ማን እንደሆኑ አላውቅም። ብዕራቸው ግን ይጣፍጣል፤ ቁርጥ ቤቱን ሲተርኩ ምራቄን ውጫለሁ። እኔ በአንዲት የወረዳ ከተማ ቄራ ለዓመታት ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ቦቲ ጫማ አጥልቄ፣ ከተሰቀለ በሬ ሥር ቢላ ይዤ የቆምኩ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሥጋ አልጠላም። ጥሬ ሥጋ የሚበላውን ሁሉ ኋላ ቀር የሚል ሰው ሲገጥመኝም የምናደደው ከጸሐፊው ባልተናነሰ ነው። ነገር ግን ከነጥቦቻቸው አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከነጭራሹ ስሕተት፤ አንዱ ደግሞ ሰው ይጎዳል። እሱን ወደኋላ እመጣበታለሁ።

ከአባቶቻችን ልጀምር። ጥሬ ሥጋ በልተዋል፣ እውነት ነው። ጸሐፊው ግን ታሪኩን መሃል ላይ ቆርጠውታል። በሉ፣ ከዚያስ? ከዚያማ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር። የሴቴውን ዛፍ አበባ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በጥብጠው፣ በባዶ ሆድ ግጥም ያደርጉታል። ከዚያ ቤታቸውን ዘግተው ሲያቅለሸልሻቸውና ሲያስቀምጣቸው ይውላሉ። «ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ እንግዳ ከደጅ ይመለሳል፤ የሚቀየም የለም። እስከ ዛሬ ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው «እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚለው ያን ቀን ቋንቋችን ስላልረሳው ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ነበር። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የኮሶን ዛፍ ከነሥዕሉ አስተዋውቋል፤ የሀገሩ ሰው ወንድ ሴት ሳይል በዚህ ትል እንደሚቸገርም ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሳይቀሩ አበባውን ከእኛ ሀገር እያስመጡ ይሸጡ ነበር። ኮሶ ብቻውንም አይደለም፤ እንቆቆ አለ፣ መተሬ አለ፣ ቀጨሞ አለ፤ ሁሉም ለዚሁ ትል የሚሰጡ ናቸው። አንድ ሕዝብ ለአንድ ትል ይህን ሁሉ መድኃኒት ለይቶ የሚያውቀው ትሉ ሳይነካው ኖሮ ነው?

የሁለት ወሩ ቀጠሮም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ኮሶ የትሉን ረጅም ገላ ጠራርጎ ያወጣና ጭንቅላቱን ብዙ ጊዜ እዚያው አንጀት ላይ እንደተጣበቀ ይተወዋል። ጭንቅላቱ ከቀረ ትሉ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ መልሶ ያድጋል። አባቶቻችን ማይክሮስኮፕ ሳያዩ የትሉን የዕድገት ጊዜ በልምድ ለክተውት ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ ባርኔጣ ባደርግ ኖሮ አነሣላቸው ነበር። ኮሶው ራሱ ግን ዋጋ ያስከፍል ነበር፤ አብዝቶ የጠጣ ሰው ዓይኑ እንደሚጎዳ ሐኪሞች መዝግበዋል፣ ነፍሰ ጡር እንዳትቀርበውም ድሮ ጀምሮ ይነገራል። እንግዲህ ጸሐፊው «ኖሩበት» ሲሉ የኖሩት በየሁለት ወሩ አንድ ቀን እየታመሙ እንደነበር ቢጨምሩበት ደስ ይለኝ ነበር።

ለእውነት ያህል ደግሞ እኔም ለጸሐፊው የምሰጣቸው ነገር አለ። የኮሶ ትል ገዳይ አይደለም። ሰሞኑን «የበሬ ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ትል ይገባል» እያሉ በቪዲዮ የሚያስፈራሩት ሰዎች ሁለት ትል አደባልቀዋል። እጩ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ ወደ ሰው አንጎል የሚዘልቀው የአሳማው፣ ቴኒያ ሶሊየም የሚባለው ነው። የበሬው ቴኒያ ሳጂናታ ይባላል፤ በሰው አንጀት ውስጥ ይረዝማል እንጂ ከዚያ ወጥቶ ጡንቻና አንጎል ውስጥ አይሰፍርም። ብዙውን ጊዜ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፣ 25 ሜትር ሊደርስም ይችላል። ካልታከሙት ለዓመታት ይቀመጣል። ሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ አንዳንዱ ላይ መክሳት ያመጣል፤ አልፎ አልፎ ትርፍ አንጀት ወይም የሐሞት መተላለፊያ ውስጥ ገብቶ ለቀዶ ሕክምና ያበቃል። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ትሉ እየተቆረጠ የሚጥለው ነጭ ቁራጭ በራሱ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። ሳይጠራ ይወጣል፤ ሰውዬው ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ሱሪው ውስጥ ሲላወስ ይሰማዋል። «ኮሶ ታየብኝ» የሚለው ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ለዚህ ነው።

ይቺ ቁራጭ ናት ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሣት። ጸሐፊው ስለ ሥጋው ብዙ ጻፉ፣ በሬው ትሉን ከየት እንዳመጣው ግን አንድ መስመር የላቸውም። በሬ የሚይዘው ከሰው ነው። ይህ ትል ጎልማሳ ሆኖ የሚኖርበት ፍጡር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ በየቀኑ ጥቂት ቁራጮች ይጥላል፤ አንዷ ቁራጭ እስከ 100 ሺህ የሚደርስ እንቁላል ልትይዝ ትችላለች። እንቁላሉ እርጥበት ባለው ሣርና ጭድ ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። በሬው ከሣሩ ጋር ይውጠዋል፤ እጩ በደም ተጉዞ ጡንቻው ውስጥ ከረጢት ሠርቶ ይተኛል፤ ከአሥርና ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ሰውን ለመያዝ ዝግጁ ነው። ከዚያ ቁርጥ ሆኖ ወደ ሰው ይመለሳል። ከሰው ወጥቶ ወደ ሰው። በሬው መሃል ላይ ያለ ተጎጂ ነው፤ እኛ ግን ሁልጊዜ እሱን እንወቅሳለን።

ይህን ከያዝን የሰባው ሰንጋ ነገር በራሱ ይፈታል። ጸሐፊው ትል የሚይዘው የከሳውን ከብት ነው፣ ገብስና ፋጉሎ እየበላ በረት የደለበ ሰንጋ ግን ንጹሕ ነው ይላሉ። እጩ ጡንቻው ውስጥ ያለበት በሬ አይከሳም፣ አያስልም፣ ፀጉሩ አይቆምም። ገበያ ላይ ሻኛውን ዳብሳችሁ፣ ጥርሱን ቆጥራችሁ አታገኙትም። ከብትን የሚያከሳ ጥገኛ ተውሳክማ ሌላ ነው፤ የጉበት ትል ያከሳል፣ በቆላው ገንዲ ያከሳል፣ የሆድ ውስጥ ድቡልቡል ትሎች ጥጃን ያከሳሉ። ጸሐፊው ሁሉንም «ትል» በሚል አንድ ስም ስለጠሯቸው ተምታቶባቸዋል።

አንድ ጊዜ አርባ ያህል በሬ የሚያደልብ ሰው ዘንድ ሄጄ ነበር። በረቱ ሲሚንቶ ነው፣ ገንዳው የታጠበ ነው፣ በሬዎቹ ያብለጨልጫሉ። ባለቤቱ በኩራት እያዞረ ሲያሳየኝ ከብቶቹን የሚቀልቡትን ሁለት ልጆች «እናንተስ የት ነው የምትጸዳዱት?» አልኳቸው። ተያዩና አንደኛው በአገጩ ወደ ጭዱ ክምር ኋላ አሳየኝ። ከነዚያ ልጆች አንዱ ኮሶ ቢኖርበት አርባውም በሬ ከአንድ ክምር ነው የሚበላው። በሜዳ ተበታትኖ የሚግጥ ከብት አንድ ሁለት እንቁላል ቢያነሣ ነው፤ በአንድ ገንዳ የሚቀለብ ግን በጅምላ ይያዛል። ይህ እኛ ጋ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካም ትልልቅ ማድለቢያዎች በአንድ ሠራተኛ ምክንያት መንጋው በሙሉ የተያዘበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ ለሠራተኞቹ ሽንት ቤት እንዲቆፍር መከርኩት። «ለልጆቹ?» ብሎ ሳቀ። ለበሬዎቹ ነው አልኩት።

ሚጥሚጣውን ባጭሩ ልለፈው። ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ የሥጋውን ላይኛ ፊት ነው የሚነኩት፤ ያውም ከሳህን እስከ አፍ ባለው ጊዜ። እጩ ያለው ጡንቻው ውስጥ በከረጢት ተሸፍኖ ነው። አረቄን በተመለከተ ደግሞ የጨጓራ አሲድ ከየትኛውም ካቲካላ ይበረታል፤ እጩ ግን ያን አሲድ አልፎ ሐሞት ሲነካው ነው የሚነቃው፤ ጭንቅላቱን የሚያወጣውና አንጀት ላይ የሚለጠፈው እዚያ ነው። ለሱ የሰው ሆድ መንገድ የሚከፈትበት በር ነው። አረቄ ከቁርጥ ጋር ይስማማል፣ አልክድም፤ መድኃኒትነቱን ግን ተዉት።

ለብለብም ያው ነው። ቅቤው ሞቅ ብሎ ሥጋው ላይ ሲፈስ ክትፎው ለጣት ይሞቃል፣ መሃሉ ግን እንደ ቀላ ነው። እጩ የሚሞተው የሥጋው እምብርት 60 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ቅላቱን ለቆ ይገረጣል። ቀይ ከሆነ ለብለብ ማለት ጥሬ ማለት ነው፤ የሚለየው በዋጋ ነው።

ወደ ማኅተሙ እንምጣ፤ ይህ የእኔው ሥራ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ። ጸሐፊው በቄራ ያለንን ሰዎች እንዲህ ማመናቸው ያኮራል፤ የማይገባንን ያህል ግን ነው ያመኑን። በሬው ታርዶ፣ ተገፎ ሲሰቀል መጀመሪያ ወደ ራሱ ነው የምንሄደው። መንጋጋው ላይ ያለውን ወፍራም ጡንቻ ገባ ባለ ቢላ ሁለት ጊዜ እንሰነጥቃለን፣ እንደ መጽሐፍ ገልጠን እናያለን። ምላሱን እንዳብሳለን። ልቡን እንከፍታለን። ደረትና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ የወርቹን ጡንቻ እንተለትላለን። እነዚህን የምንመርጠው እጩ ብዙ የሚሠራ፣ ደም የሚበዛበት ጡንቻ ስለሚወድ ነው።

የምንፈልገው ነገር ከአተር የማትበልጥ፣ ውኃ የቋጠረች ስስ ከረጢት ናት። ብርሃን ላይ ሲያዟት ታሳልፋለች፤ በአንድ ጎኗ የሩዝ ስባሪ የመሰለ ነጭ ነጥብ አለ፤ ያ የወደፊቱ ትል ጭንቅላት ነው። ሕያው ስትሆን ቢላው ሲነካት ፍርጥ ብላ ትወጣለች፤ ስትሞት እንደ ኖራ ትደርቅና ቢላው ሥር ቀጭ ትላለች። መጀመሪያ ያገኘሁ ቀን አለቃዬን ጠርቼ እስኪመጣ ድረስ ቢላዬን ከተሰነጠቀው መንጋጋ ላይ ሳላነሣ ቆሜ ነበር። እሱ መጥቶ አየት አድርጎ «አንዷን ካየህ ያላየሃቸውን አስብ» አለኝና ሄደ።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በሬው ከመቶ ኪሎ በላይ ሥጋ አለው፤ እኛ የምንሰነጥቀው ጥቂት ቦታ ነው። ሁሉን ብንተለትል ባለ ሥጋ ቤቱ ምን ይሸጣል? በጡንቻው ሁሉ አምስት ስድስት ከረጢት ብቻ ያለበትን በሬ በዚህ ዘዴ ማግኘት ዕድል ነው፤ ከማግኘት ይልቅ ማለፍ ይቀላል። የበዓል ዋዜማ ሌሊት ደግሞ አስቡት፤ በሬው ተሰልፏል፣ መብራቱ ደክሟል፣ ጫኙ «ዶክተር ቶሎ በል» ይላል። ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1970 የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274ን ስታወጣ ሥራው በሕግ ተደነገገ፤ ብዙ ክፉ በሽታም ይይዛል፤ ሳንባ ነቀርሳውን፣ እባጩን፣ የታመመውን ከብት ይለያል። ማኅተሙ ከባድ ሸክም የተያዘውን ያስቀራል። ቀለል ብሎ የተያዘውን ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ማኅተም ያለው ሥጋ ከሌለው ይሻላል፣ እጅግ ይሻላል፤ «ጥሬውን ብላ» የሚል የምስክር ወረቀት ግን አይደለም።

ቅርጫውስ? ጸሐፊው የቅርጫን ውበት በአንድ ሙሉ አንቀጽ ሲያወድሱ ከላይ ስለ ማኅተም የጻፉትን ረሱት። ቅርጫ ላይ ማኅተም የለም። አሥር ቤተሰብ አዋጥቶ በሬውን ከዛፍ ሥር ያርዳል፣ ቅጠል አንጥፎ መደብ ይመድባል፣ ዕጣ ይጥላል። ወዳጅነቱን እወደዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ዕጣውን የማወጣው እኔ ነበርኩ። ግን ምላሱን የሚዳብስ ሰው የለም፤ ካለም ለወጥ ነው።

ክኒን አለ የሚለው ደግሞ ትክክል ነው፤ ፕራዚኳንቴል አለ፣ ኒክሎሳማይድ አለ፤ ሐኪም አዝዞ በልክ ከተወሰደ ትሉን ከነጭንቅላቱ ያጠፋል። ከኮሶ ስቃይ ጋር አይወዳደርም። ሁለት ነገር ግን ልጨምር። አንደኛ፣ ብዙ ሰው ፋርማሲ ገብቶ «የትል» ይልና አንድ ፍሬ አልበንዳዞል ውጦ ይገላገላል፤ ያ ለወስፋት ጥሩ ነው፣ ለኮሶ ትል ግን አይታመንም። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ክኒኑን ውጦ ወንዝ ዳር የሚሄድ ሰው የተፈረካከሰውን ትል ከነእንቁላሉ በአንድ ቀን ሜዳው ላይ አራገፈው ማለት ነው። ስለዚህ ክኒን የወሰደ ሰው ቢያንስ ለዚያ ሰሞን ሽንት ቤት ይጠቀም፤ ይህን የምትነግር ፋርማሲ ግን ብዙም አልገጠመችኝም።

አሁን ወደዚያ ሰው ወደሚጎዳው ነጥብ ደረስን፤ የሚጣለው ጉበትና ሳንባ ለውሻ ይሰጥ ወደሚለው። ሐዘኔታው ይገባኛል። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ሙሉ ጉበት ጉድጓድ ሲገባ ማየት ያንገበግባል፤ ባለ በሬው ዓይን እያየ የምቆርጠው እኔ ነኝና አውቀዋለሁ። በጉበቱ ግማሽ መንገድ እንስማማ ይሆናል። ጉበት ላይ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ሲገኝ የጉበት ትል ነው፤ ደጋው ላይ ፋሲዮላ ሄፓቲካ፣ ሞቃትና ረግረጋማው ላይ ፋሲዮላ ጃይጋንቲካ። ሰው እሱን የሚይዘው ጉበት በመብላት ሳይሆን ቀንድ አውጣ ካለበት ረግረግ የበቀለ ቅጠል ጥሬውን በመብላት ወይም ያንኑ ውኃ በመጠጣት ነው። ጥቂት ትል ከሆነ የተጎዳው ተቆርጦ የቀረው ሊለቀቅ ይችላል፤ ሲበዛ ግን ጉበቱ ጠባሳ ብቻ ነው፣ በድስትም አይረባም። ይህ የከብት ሀብት ጉዳይ ነው ብል ይቀለኛል። ወደ 70 ሚሊዮን ከብት አለን በምንልበት ሀገር ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ሳንባው ላይ ግን አንስማማም። ሳንባና ጉበት ላይ ከእንቁላል እስከ ብርቱካን የሚያህል፣ ንጹሕ ውኃ የሞላው ነጭ ኳስ ስናይ ሃይዳቲድ ነው እንላለን። ያንን የሚያመጣው ኤኪኖኮከስ የሚባል ትል ነው። የኮሶ ትል በሜትር ሲለካ ይኼኛው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጎልማሳው የሚኖረውም በውሻ አንጀት ውስጥ ነው። ውሻው ከረጢት ያለበት ሳንባ ይበላል፤ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ትሉ አድጎ እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ፀጉሩ፣ ወደ ሣሩ፣ ወደ ጓሮው ይገባል። ውሻው አይታመምም፣ ጅራቱን እየቆላ ልጁ ላይ ይወጣል። ልጁ ውሻውን አቅፎ፣ ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል።

ከዚያ ለዓመታት ምንም የለም። በልጅነት የገባው ጉልምስና ላይ ነው የሚታየው፤ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ከረጢቱ ቀስ እያለ ያድጋል። መድኃኒቱ አንድ ክኒን አይደለም፤ ለወራት የሚወሰድ፣ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ ነው። ከረጢቱ ሰውየው ውስጥ ሳለ ከፈነዳ ደግሞ ሰውነት ደንግጦ ሊገድል ይችላል። በደቡብ ኦሞ ሐመሮች፣ ዳሰነቾችና ኛንጋቶሞች ዘንድ፣ በቦረናም ይህ በሽታ እንዳለ የታወቀ ነው፤ ድንበር ማዶ የኬንያ ቱርካናዎች በዓለም እጅግ ከተጠቁት ነበሩ። ከተማው ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ በየሰፈሩ በዓል ይታረዳል፣ በየሰፈሩ ባለቤት የሌለው ውሻ አለ።

እንግዲህ ሳንባውን ሰው ቢበላው ይሻላል ብል ትስቁ ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ ነው፦ ሰው ከረጢቱን ቢበላ አይያዝም፤ ውሻ ሲበላው ነው የሰው በሽታ የሚሆነው። ጸሐፊው ሳንባዋን ከጉድጓድ ለማዳን ብለው ልጁን ለአደጋ አሳልፈው ሰጡት፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ። የበሬ ከረጢት ብዙ ጊዜ መካን ነው፣ ፍሬ የለውም፤ የበግ ግን ፍሬያም ነው፤ በየቤታችን ደግሞ የምናርደው በግ ነው። ለውሻ ካልሰጠሁ አንጀቴ አይችልም የሚል ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል አፍልቶ ቀቅሎ ይስጥ። የራሱን ውሻም የእንስሳት ሐኪም ዘንድ እየወሰደ በየጊዜው ፕራዚኳንቴል ያስውጠው። ዋጋው ከአንድ ኪሎ ሥጋ አይበልጥም።

ፈረንጅ ነው ያስፈራራን የሚለው በሁለት መስመር ይበቃዋል። ፈረንሳዮች ታርታር ብለው ጥሬ የተከተፈ የበሬ ሥጋ ይበላሉ፣ ቤልጂጎችም ጥሬ ክትፎ ዳቦ ላይ ቀብተው ይበላሉ። የኮሶ እጭ ቄራዎቻቸው ውስጥም ይገኛል። እነሱ ያደረጉት ግን መከልከል ሳይሆን ማቀዝቀዝ ነው፤ ጥቂት እጭ የተገኘበትን በሬ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ10 ቀን ያስቀምጡትና ይለቁታል። ትሉ ይሞታል፣ ሥጋው ይሸጣል።

እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ጸሐፊው መጨረሻ ላይ «የሚያስፈራሩን ሐኪሞች ራሳቸው ምን ይበላሉ?» ብለው ስለጠየቁ ልንገራቸው። ክትፎ እበላለሁ። ጭቅናውን በታረደበት ቀን ገዝቼ፣ በትንንሽ ጥቅል አድርጌ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆየዋለሁ። ከፍሪጅ ላይ ያለችው የበረዶ ሳጥን አይደለችም፤ እሷ ብዙ ጊዜ በቂ አትቀዘቅዝም። መብራት ሲጠፋ ቀኑን ከአዲስ እቆጥራለሁ፤ ሚስቴ በዚህ ትስቅብኛለች። በረዶ ትሉን ይገድላል እንጂ ተቅማጥ የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች እንደማይገድል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከታወቀ ቦታ ነው የምገዛው። ከትፈው ሲያዩት ልዩነቱ አይታወቅም። ቁርጥ ግን በረዶ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ውኃ ያዝላል፣ ቁርጥ ወዳጆች እንደሚጠሉት ይገባኛል፤ እኔ እሱን ከተውኩ ቆየሁ፣ ይናፍቀኛልም።

ያ ጽሑፉን የላከልኝ ዘመዴ ይህን ሁሉ በስልክ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና ለፋሲካ ቅርጫ ጠራኝ። ቢላዬን ይዤ እንደምመጣ ነገርኩት፤ መንጋጋውንና ምላሱን እኔ አያለሁ፣ ሳንባው ላይ ከረጢት ከተገኘ የሚቀበርበት ጉድጓድ ግን ከዋዜማው ይቆፈር አልኩት።

«ምን ያህል ይጥለቅ?» አለኝ።

«ቡቺ የማያወጣው ያህል።»